በረራው ሲሰረዝ መንገደኛው ምን ይገባዋል?

ከኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ ወደ ጀርመን ኮሎኝ የበረረ አንድ የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን መሬት የነካው ከሰዓቱ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። ማቆሚያው ላይ ደርሶ በሩ እስኪከፈት ግን መዘግየቱ ከ3 ሰዓት አለፈ። በአውሮፓ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ ካሳ መጠየቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 አውሮፕላን ደረሰ የሚባለው ቢያንስ አንድ በሩ ተከፍቶ ተሳፋሪው እንዲወርድ ሲፈቀድለት ነው ሲል ወሰነ። ስለዚህ መንገደኛ ሰዓቱን ማየት ያለበት ጎማው አስፋልት ሲነካ ሳይሆን በሩ ሲከፈት ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። በረራው ሊነሳ ከ14 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው መሰረዙ የተነገረው መንገደኛ፣ በሰዓቱ የሚያደርሰው ሌላ በረራ ካልቀረበለት፣ በርቀቱ መጠን 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ ይገባዋል። ቲኬቱ በርካሽ ተገዛ በውድ፣ ለውጥ የለውም። ካሳው የሚታሰበው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ቲኬት የተቆረጠላቸው ልጆችም ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ3,500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ አራት ሆኖ የተጓዘ ቤተሰብ እስከ 2,400 ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ደንቡ የሚመለከተው ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ነው፤ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን። ወደ ኅብረቱ ለሚገባ በረራ ግን የሚሠራው አጓጓዡ የኅብረቱ አየር መንገድ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የሚበር ሰው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው፤ በዚያው አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲመለስ ግን አይደለም። የኅብረቱ አየር መንገድ በሆነው በሉፍታንዛ ቢመለስ ግን ሕጉ አብሮት ይጓዛል።

ትራንዚት ያለበት ጉዞስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታየው ጉዳይ መልስ ሰጥቶበታል። አንዲት መንገደኛ በሮያል ኤር ማሮክ ከበርሊን ተነስታ በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር ስትሄድ መዳረሻዋ የደረሰችው 4 ሰዓት ዘግይታ ነበር። አየር መንገዱ ሁለተኛው በረራ ሞሮኮ ውስጥ ስለሆነ አይመለከተኝም ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቡኪንግ የተያዘ ጉዞ እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል ብሏል። ይህ አዲስ አበባን መሸጋገሪያ ለሚያደርጉ መንገደኞች ትልቅ ትርጉም አለው። ከስቶክሆልም ባሕር ዳር ድረስ በአንድ ቡኪንግ የተያዘ ጉዞ የሚለካው ባሕር ዳር በተደረሰበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ ከተገዙ ግን ይህ ከለላ ይቀራል።

አየር መንገዶች ካሳ ላለመክፈል አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት ምክንያት “ከአቅም በላይ የሆነ ችግር” የሚለውን ነው። ከባድ የአየር ጠባይና የጸጥታ ስጋት በርግጥ ከካሳ ነፃ ሊያደርጓቸው ይችላሉ። ተራ የቴክኒክ ብልሽት ግን አያድናቸውም። የአሊታሊያ አውሮፕላን ሞተር ተበላሽቶ በረራ በተሰረዘበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ብልሽት የሥራው አካል ነው ብሏል። የራሱ የአየር መንገዱ ሠራተኞች የደመወዝ አድማም እንዲሁ ሰበብ አይሆንም።

ካሳ በማይከፈልበት ጊዜም ቢሆን ምግብ፣ ማደሪያ ካስፈለገም ሆቴልና ወደ ሆቴሉ የሚወስድ ትራንስፖርት ማቅረብ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ፣ ፖርቱጋል ውስጥ ለቀናት ቀርታ ከኪሷ ያወጣች መንገደኛ ራያንኤር አየር መንገድን ከስሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንክብካቤው በቀንም በገንዘብም ገደብ እንደሌለው፣ ተገቢ ወጪም እንደሚመለስ ወስኗል። ይህ የሚሆነው ግን ደረሰኝ ሲኖር ነው።

አሜሪካ የያዘችው መንገድ ሌላ ነው። ለተሰረዘ በረራ የተወሰነ ካሳ የለም፤ ገንዘብ ተመላሽ ግን አለ። በረራው ከተሰረዘ ወይም ዓለም አቀፍ ጉዞ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየና መንገደኛው አማራጩን ካልተቀበለ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ገንዘቡ ሳይጠይቅ ሊመለስለት ይገባል፤ በክሬዲት ካርድ ከከፈለ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ። እስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ሕጉ ከአገሪቱ የሚወጣውንም ወደ አገሪቱ የሚገባውንም በረራ ይመለከታል፤ 8 ሰዓት የዘገየም እንደ ተሰረዘ ይቆጠራል።

ከእነዚህ ሕጎች ውጭ ለሚቀር ዓለም አቀፍ ጉዞ፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አለ። ይህ ስምምነት በመዘግየት ምክንያት በማስረጃ የተረጋገጠን ጉዳት የሚክስ እንጂ የተቆረጠ ሂሳብ የሚሰጥ አይደለም። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ደግሞ ቅሬታው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልገባ መብቱ ያልፋል።

በረራው የተሰረዘበት መንገደኛ ካውንተሩን ለቅቆ ከመሄዱ በፊት የመሰረዙን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቦርዲንግ ፓሱንና ደረሰኞቹን አይጣል። በአውሮፓ ሕግ ገንዘብን በቫውቸር መተካት የሚቻለው መንገደኛው ፈርሞ ሲስማማ ብቻ ስለሆነ፣ ሳያነብ አይፈርም። ቅሬታውን መጀመሪያ በቀጥታ ለአየር መንገዱ ያስገባ፤ እምቢ ከተባለ በረራው የተነሳበት፣ ከኅብረቱ ውጭ የተነሳ ከሆነ ደግሞ የገባበት የኅብረቱ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘንድ ይሂድ። የካሳ አስከፋይ ኩባንያዎች ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻቸውን ስለሚቆርጡ፣ መጀመሪያ ራስ መሞከሩ ያዋጣል።

በጀርመን የይርጋ ጊዜው 3 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም በረራው ከተሰረዘበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ካለፈው ዓመት ወይም ከዚያ በፊት ከነበረው ጉዞ የቀረ ቲኬት በእጁ ያለ ሰው ዛሬውኑ አውጥቶ ቀኑን ቢያይ ይበጀዋል።