ጓሳን በእግር

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው የመኪና መንገድ ጓሳን አቋርጦ ያልፋል። ብዙው መንገደኛ ብርዱን ሽሽት መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። ወርዶ በእግሩ የሚጓዝ ግን ሌላ አገር ያያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በጓሳ ሣርና በጅብራ መካከል ቀጫጭን የእግር መንገዶች ይጠማዘዛሉ። ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን የተከተለ ገደሉ አፋፍ ይደርሳል፤ ቆላው ከሥሩ ተዘርግቶ ይታያል። ማለዳ ከደረሰ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ያገኛቸዋል። አይጥ የምታድነውን ቀይ ቀበሮ ለማየት ግን ዝምታም ዕድልም ይጠይቃል።

ይህ ሀብት እንዲሁ የተረፈ አይደለም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሕዝቡ የመረጣቸው አፈሮዎች ሣሩ እስኪጠና ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈት በበጋ ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይውላል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ አቆመ።

አሁን ጎብኚ ሲመጣ በቅሎ የሚያከራየውም፣ መንገድ የሚመራውም የአካባቢው አርሶ አደር ነው። ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የእግር መንገድ እንደ ማሳ እንክብካቤ ይፈልጋል። ረግረጉ ላይ ሰውና በቅሎ በተመላለሱ ቁጥር መንገዱ ይጨቀያል፤ ጭቃውን የሸሸ ሁሉ ዳር ዳሩን ሲረግጥ ይሰፋል፤ ሣሩ ያለቀበትን ቁልቁለት የክረምት ጎርፍ ቦረቦር ያደርገዋል። ከጓሳ የሚነሡት ምንጮች ደግሞ በምዕራብ በኩል ወደ ጀማና ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። ጉዳቱ በታች ላለው አራሽም ይተርፋል።

መፍትሔው የወረዳ ግብርና ባለሙያ ከሚያውቀው ውጭ አይደለም። መንገዱ ቁልቁል ሳይሆን ተዳፋቱን አግድም ይዞ ይውጣ፤ ውሃው በየመሐሉ በትንሽ ቦይ ወደ ሣሩ ይውጣ፤ ረግረጉ ላይ ድንጋይ ይነጠፍ። እንደ ተርታ እርከን ሥራ የሚታይ ነው፤ ለበጋው የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ቢጨመር ብዙ ጉልበት አይወስድም። የትኛው መንገድ ለጎብኚ ይከፈት፣ የትኛው ይረፍ የሚለውን ግን ቢሮ ተቀምጦ በካርታ ላይ መወሰን ስሕተት ነው። የተዘጋውን ሣር አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ከብትም ይዞ ይገባል፤ ይህን ቀድመው የሚያውቁት በየቀን የሚረግጡት እረኞችና የቀበሌው ሽማግሌዎች ናቸው።