ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ በአንድ ልጅ፦ «የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ለምን አይበቃም

አንድ ልጅ ኦቲዝምም፣ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር የሆነው ኤዲኤችዲም አለበት ሲባል፣ ከወላጅ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ታዲያ የትኛው ነው ትክክሉ?» የሚል ነው። በኔቫዳ፣ በላስ ቬጋስ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሬድ ሮክ ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው በሰመርሊን ለሚኖር የሐበሻ ቤተሰብም ጥያቄው ያው ነው። አባት ሌሊት እናት ቀን ሼፍት በሚገቡበት ቤት አንድን ችግር ለመረዳት እንኳ ጊዜ ያጥራል፤ ሁለት ሲባል ደግሞ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ይቀላል። አያት በስልክ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» ይላሉ፤ መምህሯ አንድ ቦታ አይቀመጥም ትላለች፤ ሐኪሙ ሌላ ይላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ አብረው ካሉ አንዱን መምረጥ ልጁን ይጎዳል። አብረው ሊመረመሩ፣ አብረው ሊጻፉ፣ አብረው ሊታከሙ ይገባል።

የመምረጡ ልማድ ከሐበሻ ወላጅ የመጣ አይደለም። ያስተማረው የሐኪሞቹ የራሳቸው መጽሐፍ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ያወጣው አራተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ኤዲኤችዲ ተብሎ እንዳይጻፍለት ይከለክል ነበር፤ መቅበጥበጡና ትኩረት ማጣቱ የኦቲዝሙ አካል ናቸው በሚል ግምት። ክልከላው የተነሣው በግንቦት 2013፣ አምስተኛው እትም ሲወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ሐኪሞች፣ መምህራንና የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሠለጠኑት ሁለቱ አብረው አይሆኑም በሚባልበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ቁጥራቸው ቢለያይም፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከሲሶ እስከ ግማሽ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ የሚሆኑት የኤዲኤችዲ ምልክት እንዳላቸው ያሳያሉ። በ2025 የወጣው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዘገባ፣ ክትትል በሚደረግባቸው ቦታዎች በ2022 ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ስለሚገልጽ፣ ጥምሩ የጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ አይደለም።

አንዱን ብቻ መያዝ የሚያስከፍለውን ዋጋ በ2015 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በግልጽ ያሳያል። ኦቲዝም ካለባቸው 1,500 ገደማ ልጆች አምስተኛው ያህል መጀመሪያ የተነገራቸው ኤዲኤችዲ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ኦቲዝሙ የተገኘው ከሌሎቹ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ሦስት ዓመት ለአዋቂ ብዙ አይደለም፤ ቋንቋና ከሰው ጋር መግባባት ለሚለማመድ ሕፃን ግን ዕድሜው በሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የተገላቢጦሹም አለ። ኦቲዝም የተባለ ልጅ ማንኛውም ነገሩ «ከኦቲዝሙ ነው» ይባልና፣ ሊታከም የሚችለው ትኩረት ማጣቱ ሳይታከም ዓመታት ያልፋሉ። በገንዘብም ልዩነት አለው። ኔቫዳ በ2009 ባወጣችው ሕግ የጤና መድን ድርጅቶች ኦቲዝምን እንዲሸፍኑ አዛለች፤ የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬይድም ከ2016 ጀምሮ ኤቢኤ ለሚባለው የባህሪ ሕክምና ይከፍላል። ኤዲኤችዲ ብቻ የሚል ወረቀት ግን ይህን በር አይከፍትም። (አሠሪው ወይም ማኅበሩ ከራሱ ካዝና የሚከፍልበት መድን በስቴቱ ሕግ ስለማይገዛ፣ በሆቴል ሥራ ያላችሁ ወላጆች የመድናችሁን ዓይነት አስቀድማችሁ ጠይቁ።)

ሁለቱ በአንድ ልጅ ውስጥ ሲገናኙ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ ይጋፋሉ። ኦቲዝሙ ሁሉ ነገር እንደ ትናንቱ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ኤዲኤችዲው የትናንቱ ይሰለቸዋል። ጫማው በለመደበት ቦታ ካልተገኘ ያለቅሳል፤ ተገኝቶለትም አንዱን እግር አጥልቆ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ለዚህ ነው ለአንዱ ብቻ የተዘጋጀ ምክር ቤት ውስጥ ሲሞከር የሚከሽፈው። ለኦቲዝም የሚመከረው በሥዕል የተሠራ የቀን መርሐ ግብር ጥሩ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ማጠር አለበት፣ በመካከሉ የመሮጫ ወይም የመዝለያ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ከሁለት ነገር አንዱን ራሱ የሚመርጥበት ቦታም ሊኖረው ይገባል። ለኤዲኤችዲ የሚመከረው ድንገተኛ ሽልማትና አዲስ ጨዋታ ደግሞ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ራሱ ማስደንገጫ ሊሆን ይችላል። እንግዳ የበዛበት የክርስትና ድግስ፣ ከበሮና እልልታ፣ ረጅም ቅዳሴ፣ ሁሉም ጉንጭ መሳም የሚፈልግበት ቤት፣ ለጆሮውና ለቆዳው ከባድ ነው፤ ለእግሩ ደግሞ የእስር ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ባለጌ ብሎ መቆጣትና መኮርኮም ሁለቱንም ችግር አይነካም፤ የሚጨምረው ፍርሃት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ ስም ነው፦ አንድ ስም ሲበዛ ሁለት እንዴት እንለጥፍበታለን? ይህን ፍርሃት ማናናቅ አይገባም። በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ከተጠየቁት 102 አሳዳጊዎች 45 ከመቶው በልጃቸው ሁኔታ ማፈራቸውን፣ ከአራት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ለመደበቅ መሞከራቸውን ተናግረዋል። አሜሪካ ኖረው የተመለሱትና የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የተጋፈጡት ይህንኑ መደበቅ ነበር፤ በ2021 እስካረፉ ድረስ በአደባባይ የተናገሩትም ስለዚሁ ነው። ሆኖም በኔቫዳ ወረቀቱ ሕጋዊ ጉልበት አለው። የአገሪቱ የልዩ ትምህርት ሕግ ኦቲዝምን በራሱ ዘርፍ፣ ኤዲኤችዲን ደግሞ በሌላ የጤና ችግር ሥር ይቀበላል። አይኢፒ የሚባለው የልጁ የትምህርት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ስብሰባ ወላጁ የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017፣ ኦቲዝም ስላለበት የኮሎራዶ ተማሪ በሰጠው ውሳኔ፣ ዕቅዱ ለይስሙላ ሳይሆን ልጁ እንደ ሁኔታው በእርግጥ እንዲያድግ የሚያስችል መሆን አለበት ብሏል። ከሁሉ ይልቅ ጥቂት ሐበሾች የሚያውቁት ይህ ነው፦ ወላጅና ትምህርት ቤት ተካሰው ቢቀርቡ፣ በአብዛኛው ስቴት የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ ሲወድቅ፣ ኔቫዳ በሕጓ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ላይ ጥላዋለች። ወደ 300,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ባሉት የክላርክ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ችግር ያለበት ልጅ ረባሽ ተብሎ ከክፍል ይወጣል እንጂ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ መድኃኒት ነው፣ እዚህ ላይ ፈሪዎቹ ወላጆች በከፊል ልክ ናቸው። በ2005 የወጣ ጥናት ኦቲዝም ላለባቸውና ለሚቅበጠበጡ 72 ልጆች ሪታሊን በሚል ስም የሚታወቀውን ሜቲልፌኒዴት ሰጥቶ፣ የተሻላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 18 ከመቶው በጎንዮሽ ጉዳት፣ በተለይም በንጭንጭ፣ አቋረጡ። ኤዲኤችዲ ብቻ ካለባቸው ልጆች መካከል የሚሻላቸው ከመቶ 70 እስከ 80 ይደርሳሉ። ከዚህ የሚወጣው መድኃኒቱን መሸሽ አይደለም፤ ኦቲዝሙን የማያውቅ ሐኪም በተለመደው መጠን እንዳይጀምር ሁለቱንም ማሳወቅ ነው። በትንሹ ተጀምሮ፣ ቀስ እየተባለ፣ ክብደቱና እንቅልፉ እየታየ ይሰጣል። የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ከእንክብሉ በፊት ጠንከር ያለ ቁርስ፣ ማታም ውጤቱ ሲያልፍ ዘግየት ያለ እራት ይረዳል። ኦቲዝሙን ራሱን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚልን ሻጭ አትመኑ። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ልጁን ሳያስጨንቁ ቢወስዱት ችግር የለውም፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ እንጂ። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ማስተማራቸው ለዚህም ይሠራል።

ስለ ቋንቋ አጭር ቃል ይበቃል። «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋልና እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» የሚለው ምክር እስካሁን በተሠሩ ጥናቶች አልተደገፈም፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ የኦቲዝም ልጆች አንድ ከሚሰሙት የባሰ መዘግየት አልታየባቸውም። እናት በምትቸገርበት እንግሊዝኛ ለልጇ የምትሰጠው ቃል ጥቂት ነው። በአማርኛ ታባብለዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ትዘፍንለታለች።

የሰመርሊን ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ግን በጓሮው ያለው የመዋኛ ገንዳ ነው። በ2012 የታተመ የ1,218 ቤተሰቦች ጥናት፣ ከአራት ዓመት በላይ ከሆናቸው የኦቲዝም ልጆች 49 ከመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት ሾልከው ለመሄድ እንደሞከሩ አሳይቷል። ለሥጋት እስኪያበቃ ድረስ ከጠፉት መካከል 65 ከመቶው ለመኪና፣ 24 ከመቶው ለመስጠም አደጋ ቀርበው ነበር። ብዙ የኦቲዝም ልጆች ውኃ ይስባቸዋል፤ የኤዲኤችዲው ችኩልነት ሲጨመርበት በማሰብና በማድረግ መካከል ያለው ፋታ ይጠፋል። ሌሊት ሠርቶ ቀን በሚተኛ አባት ቤት፣ ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው፦ በበሩ አናት ላይ ልጁ የማይደርስበት መቀርቀሪያና ደወል፣ በገንዳው ዙሪያ በራሱ የሚዘጋ አጥር፣ በተቻለ ፍጥነትም የዋና ትምህርት፤ ዋናው ለሕክምና ወረፋ እየተጠበቀም ሊጀመር ይችላል። ከቤት መጥፋቱ ራሱ ከ2011 ጀምሮ በሐኪሞች መዝገብ የራሱ መለያ ኮድ ስላለው፣ ልጁ የሚሾልክ ከሆነ ከኦቲዝሙና ከኤዲኤችዲው ጋር በሦስተኛ መስመር እንዲጻፍ ሐኪሙን፣ በአይኢፒው ውስጥም እንዲገባ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።