በቤት ስለሚቀመጥ ጠመንጃና ስለ አጋዘን አደን

በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር በሚኖሩ በአንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ቤት፣ ያባታቸው ምንሽር ከእልፍኙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በፋሲካ ሰሞን ልንጠይቃቸው ሄደን ሳለ የልጅ ልጃቸው ጠመንጃውን አውርዶ ሲወለውል አገኘነው። «አባባ፣ ከጓደኞቼ ጋራ ወደ ጨርጨር ወጥቼ አጋዘን ልግደል፤ ይፍቀዱልኝ» አለ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ ፈቃድ የያዝሁት ለጠመንጃው ነው፤ ለአጋዘኑ ማን ፈቀደልህ?» ብለው መለሱለት።

በቀድሞ ዘመን አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ቅቤ ይቀባ፣ ይዘፈንለትም ነበር። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ይልቁንም ዝሆንን የሚመለከት የአደን ደንብ አወጡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944፣ የዱር አራዊትን የሚጠብቅ አዋጅ ታወጀ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ ለተላላፊው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጫ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት፣ ወይም ኹለቱንም ወሰነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ከለከለ። እንግዲህ የመሣሪያው ፈቃድ በአደኑ ፈቃድ ፈንታ አይቆምም፤ ብዙ ሰው ግን አንዱን በኪሱ ይዞ ኹለተኛውንም ያገኘ ይመስለዋል። እኛም መዝገብ ስንጽፍ «አላወቅሁም ነበር» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ጽፈነዋል!

ወጣቱ ግን፣ «በአሜሪካ አገር ሰው ኹሉ በወራቱ ያድን የለም ወይ?» አለ። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እዚያ የሚታደነው ዋላ ብዙ ነው፤ ቀንዱንም በየዓመቱ ጥሎ ሌላ ያበቅላል። እንዲያም ኾኖ ለቀስት የተለየ ወራት፣ ለጠመንጃም የተለየ ወራት አለ፤ ደንቡም ስለሚለዋወጥ አዳኙ በየዓመቱ ይመረምረዋል። ኒያላ የሚባለው የደጋ አጋዘን ግን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ባሌ፣ አርሲና ጨርጨር መኖሪያዎቹ ናቸው፤ በጨርጨርም በቁኒ ሙክታር ተራራ ለርሱ የተከለለ መጠጊያ አለ። ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥ በታወቀ የአደን ቀበሌ፣ በተቈረጠ ጥቂት ቍጥር፣ ለጐለመሰው ወንድ ብቻ ነው፤ ቀንድ የሌላት እንስቲቱና ግልገሉ አይነኩም።

ወጣቱ ይህን ከሰማ በኋላ ምንሽሩን ወደ ቦታው መለሰ። ሽማግሌው ግን ጥይቱን በሣጥን ቈልፈው መክፈቻውን ከኪሳቸው ከተቱ። ልጁም በማግሥቱ የኛን መነጥር ተውሶ ወደ ቁኒ ሄደ።