ብዙ እጅ የሚጽፈው ደብተር

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ሲሉ የተናገሩት ለደቦና ለዕድር ብቻ አይደለም፤ ለዕውቀትም ጭምር ነው። አንድ መምህር ዕውቀትን ብቻውን ተሸክሞ ወደ ክፍል ሲገባና ስልሳ ተማሪ እጁን አጣምሮ ሲጠብቀው፣ ሎሚው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ይህ ሸክም ለስልሳው ስለሚከፋፈልበት አንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ስለሚጻፉት ስለ ጦማርና ስለ ዊኪ ነው። ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው ምሳሌያችንን ከአሰላና ከአርሲ ደጋ እንወስዳለን።

ጦማርና ዊኪ ምንድን ናቸው?

ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ማለት ነው፤ ፈረንጆች «ብሎግ» የሚሉትን ወጣቶቻችን በዚህ አሮጌ ቃል መጥራታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። አንድ ሰው ቀኑን እየመዘገበ በየጊዜው የሚያወጣው ማስታወሻ ሲሆን፣ አንባቢውም ከሥሩ አስተያየቱን ይጽፍበታል። ዊኪ ግን የአንድ ሰው አይደለም። አንድ ገጽ ለብዙዎች ተከፍቶ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያረመ፣ ሦስተኛው እየጨመረበት የሚሄድ ደብተር ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሠራ፣ ስሙን የወሰደው «ፈጣን» የሚል ትርጉም ካለው የሐዋይ ቃል ነው። በ2001ም በዚሁ መንገድ የሚጻፈው የዓለም መዝገበ ዕውቀት፣ ውክፔዲያ፣ ተጀመረ።

የዊኪ ትልቁ ብልሃት ማንም እንዲጽፍ መፍቀዱ ብቻ አይደለም፤ የተሠረዘውን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጡ ነው። ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ የትኛውን ቃል እንደ ለወጠ የገጹ ታሪክ ይናገራል። በስሕተት የጠፋ ቢኖርም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይህ አሠራር ለቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ቢነገራቸው እጅግ የሚገርማቸው አይመስለንም። በአንድምታ ትርጓሜ አንዱ ሊቅ የሰጠውን ፍች ሌላው ሳያፈርስ «አንድም» ብሎ የራሱን ይጨምርበታል፤ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ያከማቸውም ትርጓሜ የአንድ ደራሲ ብቻ አይባልም። ልዩነቱ በዛሬው ደብተር ላይ ጀማሪው ተማሪም ብዕር መያዙ ነው።

የስንዴው ምሳሌ

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ከገበሬው ጋር ያስተዋወቀው በዚህ ምድር ነው፤ የቁሉምሳ የምርምር ማእከልም ዛሬ የስንዴ ምርምር ዋና ቦታ ነው።

እንግዲህ በዚህ አገር የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ተዛምቶ፣ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለውን ዘር ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫውን ዋግ የሚቋቋመውን ዲገሉ የተባለውን ዘር ያዘ። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ አዲስ ዐይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ ያንኑ ዲገሉን በባሌና በአርሲ አጠቃው። በ2012 የታተመ መጽሐፍ «ዲገሉ ዋግን ይቋቋማል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ለጊዜው ያስኬደው ነበር፤ በ2014 ግን ያው መጽሐፍ ተማሪውን ያሳስተዋል። መጽሐፉ ታርሞ እንደገና እስኪታተም ስንት መኸር ያልፋል?

የክፍል ዊኪ ቢኖር ግን፣ በአባቱ ማሳ የስንዴው አገዳ የዝገት ዱቄት ለብሶ ያየ ልጅ በማግስቱ ገጹን ከፍቶ ያየውን ይጽፋል። ጓደኛው «የኛም ቀበሌ እንዲሁ ነው» ይላል። መምህሩ የምርምር ማእከሉን ጽሑፍ ያገናዝባል፤ አሮጌው ቃል በገጹ ታሪክ ውስጥ ተቀምጦ አዲሱ ይተካል። በዚህ ጊዜ ተማሪው የተማረው የስንዴን በሽታ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀት በምን ምክንያትና በምን ማስረጃ እንደሚለወጥ ነው። ይህን በቃል ሸምድዶ ማግኘት አይቻልም።

መሣሪያ ብቻውን አያስተምርም

መሣሪያ በመጣ ቁጥር ትምህርት የሚሻሻል መስሎን ብዙ ጊዜ ተስፋ አድርገናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ የገጠሩ ተማሪ ከከተማው እኩል እንዲማር ታስቦ ነበር። ዓላማው በጎ ነው። ሆኖም በሳተላይት የመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ጠብቆ፣ ተማሪው መለሰም አልመለሰም፣ ያልፋል። መስተዋቱ ይናገራል እንጂ አይሰማም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቢቀጥልም፣ ስልክ የሌለው የገበሬ ልጅ ከዳር ቀረ። ጦማርና ዊኪ ከፕላዝማው የሚሻሉት ተማሪው መልሶ የሚናገርባቸው በመሆናቸው ነው፤ የገበሬውን ልጅ ከዳር የሚያስቀሩ ከሆነ ግን ከአሮጌው በደል ነፃ አይሆኑም።

«ኢንተርኔት በሌለበት ምን ሊደረግ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዊኪ በአንድ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ፣ ከውጭው መረብ ጋር ሳይገናኝ፣ በግቢው ውስጥ ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል። ውክፔዲያንም ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ቀድቶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ተማሪው በወረቀት ጽፎ ሲመጣ ያስገባዋል።

የመገልበጥም ነገር አለ። እኛ በዩኒቨርሲቲ ሳለን የቡድን ሥራ ሲሰጠን በሽፋኑ ላይ ሰባት ስም ይሰፍር ነበር፤ የሚደክሙት ግን አንድ ወይም ሁለት ነበሩ፤ ማርኩ ለሰባቱም እኩል ነው። በዊኪ ላይ የገጹ ታሪክ ሠሪውን ከአስመሳዩ ይለየዋል። ይህም የሚጠቅመው መምህሩ ታሪኩን ገልጦ ሲያነብ ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው ለመምህሩ ይቀልለታል ብለን አንዋሽም፤ ዐይነቱ ይለወጣል እንጂ።

የማን ጽሑፍ ይነበባል?

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛው 15 ሺህ ያህል ነው። የአርሲ ልጅ በአንደኛ ደረጃ የሚማርበት የአፋን ኦሮሞው ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ገባ፣ ዛሬ «ፊደሉ አልተመቸንም» የምንልበት ምክንያት የለም። የአሰላውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ የበቆጂዎቹን ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ዓለም በየቋንቋው ጽፎላቸዋል። የአርሲን የገብስ ዐይነቶች፣ የጭላሎን ምንጮች፣ የየቀበሌውን የስም ታሪክ ግን ከዚያው ካደገ ልጅ በቀር ማን ይጽፈዋል?

ስለዚህ ለወጣት ባለሥልጣኖችና ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸውና ከገበሬዎች ጠይቀው ይሙሉት፤ ምንጫቸውንም ይመዝግቡ፤ መምህሩ ይረም፤ ቀጣዩ ክፍል ካቆሙበት ይቀጥል። ለዚህ አዲስ በጀት ከመጠየቅ በፊት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ወጣት ሹም አንድ ነገር ያድርግ፤ ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ የተቈለፈ የኮምፒዩተር ክፍል ካለ ቁልፉን ያስከፍት። የተቈለፈ ኮምፒዩተር በእርግጥ አይሰበርም፤ ነገር ግን ያረጃል።