በእሸት ቡና ወራት የሥራ ጫናን መመዘን



በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት ዙሪያ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚመራ ሰው የሠራተኞቹን ጭንቀት ለመመዘን ሲነሣ፣ መጠይቅ ከመበተኑ በፊት የትርፍ ሰዓት መዝገቡን ይግለጥ እላለሁ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚጓደል፣ በለቀማ ወራት ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። በየምሽቱ 4 ሰዓት የሚያመሽ ሠራተኛ የሳምንቱን ገደብ በሦስተኛው ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ፈረቃ መቀጠር ያለበት ቡናው ከመቅላቱ በፊት ነው።

ሰዓት ግን ሁሉን አይነግረንም። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው፣ ይበልጥ የሚጎዳው ብዙ ሥራ ከአነስተኛ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲጣመር ነው። እኔ በጣቢያው ካሉት ሁሉ የማዝነው ለሚዛን ሠራተኛው ነው፤ የገበሬውን ቁጣ የሚሰማው እርሱ ሲሆን ዋጋውን የወሰነው ግን ሌላ ነው። ለእርሱ ዕረፍት ብቻ አይበቃውም። የዕለቱ ዋጋ በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ፤ አረንጓዴ ፍሬ የበዛበትን ቡና የመመለስ ሥልጣን ይሰጠው፤ የዋጋ ቅሬታ የሚያቀርበውንም ሰው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ ያነጋግር።