ረግረጉ የት ላይ ያበቃል? መስመሩንስ ማን ያሰምራል?

ረግረግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደንገል የበቀለበትንና ውሃ የተኛበትን ሥፍራ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ረግረግ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ደርቆ ይታያል። ታዲያ ረግረጉ አብቅቶ ደረቁ መሬት የሚጀምርበት መስመር በምን ይታወቃል?

በአሜሪካ ይህ ጥያቄ የሕግም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ በሚሸፍናቸው ረግረጎች ላይ አፈር ለመድፋት ፈቃድ ያስፈልጋል። መስመሩ ጥቂት ሜትሮች ቢዛነፍ ባለመሬቱ የቤት ቦታውን ያጣል፤ አለዚያም ጎርፍ የሚያበርደው ረግረግ ይደፈናል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር ያወጣው መመሪያ ሦስት ምስክሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ውሃ ወዳድ ዕፅዋት፣ ውሃ የለወጠው አፈርና የውሃው የራሱ ምልክቶች ናቸው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስደንቀው አፈሩ ነው። አፈር ለረጅም ጊዜ በውሃ ሲሞላ ረቂቅ ተሕዋስያን በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ከዚያም አንዳንዶቹ በኦክስጅን ፈንታ ብረትን ይጠቀማሉ፤ አፈሩን ያቀላው የነበረው ብረትም ሟሙቶ ይሄድና አፈሩ ግራጫ ይሆናል። አየር በሥሮች በኩል በሚገባበት ቦታ ግን ብረቱ ዝጎ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይሠራል። ውሃው ቢሸሽም ቀለሙ ይቀራል። ባለሙያው ጉድጓድ ቆፍሮ ይህን ቀለም መንሰል ከተባለው የቀለም መጽሐፍ ጋር ያመሳክራል።

ችግሩ ባለሙያውን ቀጥሮ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ባለመሬቱ ራሱ መሆኑ ነው። የቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሕግ ለረግረግ ለዪዎች የሙያ ምስክር ወረቀት አቋቋመ። ወደዚያ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ በመስኩ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የልየታ ኮርስ፣ በተመሰከረለት ባለሙያ ሥር የአራት ዓመት ልምድና ፈተና ነው። ወረቀቱ የሌለው ሰው ሥራውን ከመሥራት አይከለከልም፤ በማዕረጉ መጠራት ግን አይፈቀድለትም። የሙያውን ደንብ የጣሰም ወረቀቱን ሊነጠቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳኬት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የፌዴራሉ ሕግ የሚሸፍናቸውን ረግረጎች አጥብቧል። የትኛው ረግረግ ይጠበቅ የሚለውን እንግዲህ ሕግ ይወስናል፤ በግራጫው አፈር ላይ የተጻፈው መስመር ግን በፍርድ አይንቀሳቀስም። ያንን በታማኝነት ለማንበብ ዕፅዋትን፣ አፈርንና ውሃን አጣምሮ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ሦስቱን ትምህርቶች ለየብቻ ለምናጠና ተማሪዎች የሜዳው ጉድጓድ አንድ ያደርጋቸዋል።