ተጨማሪ መረጃ፦ በጋቢና ማደር

ከጅቡቲ ጭነው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል አዲስ አበባ የሚገቡ ብዙ የባለተሳቢ ሹፌሮች የሚያድሩት እዚያው መኪናቸው ውስጥ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ጋቢ ተከናንበው ይተኛሉ።

የጅቡቲ ወደብ በባሕር ጠለል አጠገብ፣ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በከፍታው ምክንያት ብቻ 14 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ ታጣለች፤ ብርዱም ይበረታል።

ጥንቃቄ፦ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።